የሚገባበት ጽሑፍ፤ ከክታብ እስከ ጋለሪ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ኢንስታሌሽን» ከሚባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዘርፍ አንዱን ወገን ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን በአጭሩ ማስተዋወቅ ነው። ይኸውም ከጽሑፍ የሚሠራው፣ ተመልካቹ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው ሳይሆን ገብቶ የሚመላለስበት ሥራ ነው። ትምህርቱን በክፍል ውስጥ ስንወስድ ብዙዎቻችን «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ብለን ነበር። እኔማ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ዛሬ ግን እንደዚያ አልልም። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛው አራት ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ወገል ጤና ላይ የሠራነውና በመጀመሪያው ቀን ያበላሸነው ሥራ ነው። ስለ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ስህተታችንን መናገሩ ከኛ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በጽሑፉ ሁሉ የምከተለው አንድ ጥያቄ ነው። ጽሑፍ ቤት ሆኖ ሰው ሲገባበት፣ ማንበብ የማይችለው ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ምን ቦታ አለው?

ኢንስታሌሽን ምንድነው?

ሥዕል ፊት አለው፤ ቅርጽም ዙሪያ አለው። ኢንስታሌሽን ግን ውስጥ አለው። ሠዓሊው ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ብርሃኑን፣ ድምፁን፣ የተመልካቹን እርምጃ ጭምር እንደ ቀለም ይጠቀምባቸዋል። ሥራው ከጽሑፍ ሲሠራ ደግሞ ከመጽሐፍ የሚለዩት ሦስት ነገሮች ይመጣሉ።

አንደኛው ልኬት ነው። መጽሐፍ በእጅ ልክ ይሠራል። በክፍል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን በሰው ቁመት ይለካል። አንባቢው ቀና ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ ዞሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። በመጽሐፍ ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚቀድም ደራሲው ይወስናል፤ በክፍል ውስጥ ግን የሚወስነው እግር ነው። ከቀኝ የገባና ከግራ የገባ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አያነቡም። ሦስተኛው አንባቢው ብቻውን አለመሆኑ ነው። አጠገቡ ሌላ ሰው አለ፤ ያ ሰው ማንበብ ይችል ይሆናል፣ ላይችልም ይችላል።

እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

በቤታችን ያለው

ክታብን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። ደብተራው ብራናውን ይፍቃል፣ ቁራጮቹን ርስ በርስ ይሰፋል፣ በግዕዝ ጸሎት ይጽፍበታል፤ ትልልቅ ዓይን ያላቸውን የጠልሰም ሥዕሎችም ያስገባበታል። ቅዱሳን ስሞችና ያሠሪው ሰው ስም ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ርዝመቱ ነው። በልማዱ የክታቡ ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ጽሑፉ ሰውዬውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲሸፍነው ነው። ታዲያ ይሄ የመጀመሪያው ነጥባችን፣ የሰው ቁመት ልኬት አይደለም? ክታቡ ይጠቀለላል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ አንገት ላይ ወይም ቤት ውስጥ ይንጠለጠላል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም፤ ጽሑፉ ግን የእሱ ነው፤ ስሙ በውስጡ አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከቁርዓን የተጻፈ ክታብ ያስራሉ። ልማዱን የሃይማኖት አስተማሪዎች በየወገናቸው ሲነቅፉት መኖራቸው የታወቀ ነው፤ እዚህ የማነሳው ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ እምነቱ ለመከራከር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያን ክታብ እንደ ሥነ ጥበብ ይዞ የቀረበ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። ፈረንጆቹ በመስታወት ውስጥ አድርገው ሲያዩት እኛ ገና አንገታችን ላይ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወገል ጤና በስተሰሜን፣ ላስታ ላይ ነው። ከላሊበላ ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በቤተ ማርያም መካከል በጨርቅ የተሸፈነ አምድ አለ። በትውፊት እንደሚነገረው አምዱ ላይ ያለፈውና የሚመጣው ዓለም ነገር ተጽፎበታል፤ ስለዚህ አይገለጥም። እኔ ከትምህርት ቤት ጉብኝት ጋር ስገባ ልጅ ነበርኩ። የትዝታዬ ዋናው ነገር በየጣሪያው ያለው ሥዕል አይደለም፤ ያ ጨርቅ ነው። ሰው ሁሉ እየዞረው ይሄዳል፣ ማንም አያነበውም፣ ሁሉም ግን ጽሑፍ እንዳለበት ያውቃል። ምሁሩም መሃይሙም በአምዱ ፊት እኩል ናቸው። ያኔ አልገባኝም ነበር እንጂ፣ ቤቱን በሙሉ የያዘው ያልተነበበው ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ክታቡ ለማያነበው ሰው የተጻፈ ነው፤ አምዱ ደግሞ ለሁሉም የተሸፈነ ነው። የሁለቱም ኃይል ከመነበብ አይመጣም። ዘመናዊዎቹ ሠዓሊዎችስ ከዚህ ምን ወሰዱ?

ፊደልን ከንባብ ያወጡት

በዚህ መስመር ቀድሞ የሚነሳው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በኋላም አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማሪ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አረፈ። የክታብን ጥቅል፣ የጠልሰምን ዓይንና የብራናን ጠባይ ወደ ዘመናዊ ሥዕል ያስገባ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ ሠርቷል። በሥራው የአገሪቱ የልዩ ልዩ እምነቶችና ባህሎች ምልክቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የእሱ ተማሪ የነበረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1972 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በ1980 ደግሞ ከሐዋርድ ተመርቋል። ወሰኔ ፊደልን ዋና ሥራው አደረገው። «ሀ»ን ይሰብራታል፣ «ረ»ን ያስረዝማታል፣ «ጨ»ን ይገለብጣታል። አማርኛ አንባቢ ሥዕሉ ፊት ሲቆም ቃል ይፈልጋል፤ አያገኝም። አማርኛ የማያውቀው ደግሞ ያለ ጭንቀት ቅርጹንና ቀለሙን ያያል። እንዲያውም እዚህ ላይ የሚቸገረው የተማረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ስለ አፍሪካ ጽሕፈትና ጥበብ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ሥራው ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ቀርቧል።

ይሁን እንጂ የወሰኔ ሥራ ሥዕል ነው፤ አይገባበትም። የሚገባበትን ለማግኘት ወደ አንድ ባለቅኔ መሄድ አለብን።

ለምን ሲሳይ በለንደን

ለምን ሲሳይ እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። ሕፃን ሳለ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ፤ አሳዳጊዎቹ ኖርማን አሉት፤ ኋላም በሕፃናት ማሳደጊያዎች ኖረ። ለአቅመ አዳም ሲደርስ የልደት ወረቀቱ ተሰጠው። እዚያ ላይ ያለው ስም «ለምን» ነበር። አማርኛ የማያውቅ ልጅ፣ በአማርኛ ጥያቄ የሆነ ስም ተሸክሞ ሳያውቀው ኖሯል ማለት ነው። እንደ ክታቡ ባለቤት፣ ስሙ የተጻፈበትን ነገር ማንበብ አይችልም ነበር።

ይህ ሰው ግጥሙን ከመጽሐፍ አውጥቶ የማንቸስተር ሕንፃዎች ላይ አስጻፈ። ለርዕሳችን ቅርብ የሆነው ግን ለንደን ፌን ኮርት በተባለ ትንሽ አደባባይ የሚገኘው «ጊልት ኦቭ ኬን» ነው። ቅርጹን የሠራው ማይክል ቪሶኪ ነው። የባሪያ ንግድ በእንግሊዝ ሕግ የታገደበትን ሁለት መቶኛ ዓመት ለማሰብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2008 ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ መረቁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሸንኮራ አገዳ የሚመስሉ የግራናይት አምዶች በአንድ መድረክ ዙሪያ ቆመዋል። መድረኩ የሰባኪ አትሮንስ ይመስላል፤ ባሮች ሲሸጡ አጫራቹ የሚቆምበትንም ይመስላል። አምዶቹ ደግሞ አገዳ ናቸው፤ ለመስማት የተሰበሰበ ሕዝብም ናቸው። የግጥሙ ስንኞች በድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል፤ የአክሲዮን ገበያን ቋንቋና የብሉይ ኪዳንን ነገር ያጣምራሉ። መንገደኛው ቡናውን ይዞ በአምዶቹ መካከል ሲያልፍ፣ ሳያውቀው ከሕዝቡ አንዱ ሆኖ ቆሟል።

ርዕሱ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው። «ጊልት» በአንድ አጻጻፉ በወርቅ የተለበጠ ማለት ነው፤ የመንግሥት ቦንድንም ይጠሩበታል። በሌላው አጻጻፉ ግን ያው ድምፅ ጥፋት ወይም በደል ማለት ነው። የቃየል ወርቅ ሲል የቃየል በደል ይሰማል። በእኛ ቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል፤ እዚህ ላይ ግን ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው፤ የሸፈነውም ደም ነው። ልብ በሉ፤ ይህን ኅብር የሚያገኘው የሚያነብ ዓይን ሳይሆን የሚሰማ ጆሮ ነው። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ጮክ ተብሎ ካልተነበበ ግማሹ ይቀራል። እኛ ይህን ቀድመን ብናስተውል ኖሮ ወገል ጤና ላይ ያን ያህል ባልተሳሳትን ነበር።

አንባቢውን የገለበጡ ሁለት ሥራዎች

ወደ ራሳችን ሥራ ከመሄዴ በፊት ከሌላ ዓለም ሁለት ምሳሌ ልጨምር፤ ሁለቱም ማንበብ የሚችለውንና የማይችለውን ቦታ ያለዋውጣሉ።

ቻይናዊው ሹ ቢንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ቤጂንግ ላይ «የሰማይ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ረጃጅም የታተመ ወረቀት ከጣሪያ ይወርዳል፣ ግድግዳው በጽሑፍ ተሸፍኗል፣ ወለሉ ላይ መጻሕፍት ተዘርግተዋል። ፊደሎቹን በእንጨት የቀረጸው ራሱ ነው፤ ወደ አራት ሺህ ያህል ናቸው። አንዳቸውም ትርጉም የላቸውም! ቻይንኛ ይመስላሉ እንጂ ቻይንኛ አይደሉም። ሊቁ ፕሮፌሰርም ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም እዚያ ክፍል ውስጥ እኩል መሃይም ናቸው።

ደቡብ አፍሪካዊው ቪለም ቦሾፍ ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. «የዓይነ ስውራን ፊደል» በተባለው ሥራው ከዚህም አለፈ። ከእንጨት የተሠሩ ቅርጾች በሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብሬል ነው። ዓይናማው መክፈት አይፈቀድለትም። ዓይነ ስውሩ ግን ያነባል፣ ይከፍታል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ ለዓይናማውም ያስረዳዋል። ዓይናማው መሪ ፈልጎ ይቆማል።

የወገል ጤናው ሥራ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የወገል ጤና ልጅ ነኝ፤ በሥራ ቆይቼ ዘግይቼ ነው ኮሌጅ የገባሁት። በ1996 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ እህቴ በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ደብዳቤ ላከች፤ የሚመለስ ሰው ሲገኝ በእጅ ነበር የሚደርሰን። እማ ፊደል አትለይም። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ፤ የሚያስከፋ ነገር ሲመጣ ግን እዘለው ነበር። «ፓስፖርቴን ቆለፉበት» የሚለውን ዘልዬ «ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ» ወደሚለው እሄዳለሁ። ይህን አድርጊ ያለኝ ሰው የለም። ዐሥር ዓመቴ ነበር።

ለኮርሱ ሰው የሚገባበት ሥራ እንድንሠራ ሲታዘዝ እነዚያን ደብዳቤዎች አሰብኩ። እህቴ ዛሬ ደሴ ትኖራለች፤ ስልክ ደውዬ ፈቃዷን ጠየቅኩ። ሁለት ነገር አለችኝ። «ስሜን እንዳታወጡ። ለእማ ደግሞ ሙሉውን አንብቢላት።»

ገበያው አጠገብ ባዶ የእህል መጋዘን ተከራየን፤ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። አቡጀዲ ገዝተን እያንዳንዱን ቁራጭ በእህቴ ቁመት ለክተን ቆረጥን፤ ከክታብ የተማርነው ነው። ሰባቱ ደብዳቤዎች ሃያ አንድ ጨርቅ ወሰዱ። በጥላሸትና በሙጫ ጻፍናቸው። እኔ በልጅነቴ የዘለልኳቸውን መስመሮች ግን በቀይ ጻፍናቸው፤ ይህንንም ከክታብ ነው የወሰድነው። ጨርቆቹን ከጣሪያው እንጨት ላይ አንጠለጠልናቸው፤ ሰው በመካከላቸው እየገለጠ ይሄዳል። በሩ ላይም «እባክዎ በጸጥታ ይመልከቱ» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ጋለሪ እንዲህ ነው ብለን ነዋ!

የመጀመሪያው ቀን ገበያ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች ገቡ፣ አነበቡ፤ ዓይናቸውን የጠረጉም ነበሩ። እኛ ደስ አለን። የገበያ ሴቶች ደግሞ ይገቡና ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ቶሎ ይወጣሉ። አንዷ እናት በሹክሹክታ «ልጄ፣ ማነው የሚያነብልን?» አለችኝ። በጣቴ ወረቀቱን አሳየኋት። ወረቀቱንም ማንበብ እንደማትችል እንኳን አላሰብኩም። እማ መጣች፤ አንድ ዙር ዞረች፤ «ያምራል፣ እጃችሁ ይባረክ» ብላ ወጣችና ውጭ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ስለ ልጇ የተሠራ ቤት ውስጥ እንግዳዋ እሷ ሆነች።

ማታ ጓደኞቼ ስለ ብርሃኑ ሲያወሩ እኔ የእህቴ ሁለተኛው ቃል ትዝ አለኝ። ስሟን ደብቀናል፤ ያ ተፈጽሟል። ሁለተኛውን ግን ረስቼዋለሁ። በልጅነቴ መስመር ነበር የምዘለው፤ አሁን ደብዳቤውን በሙሉ ዘለልኩት።

በማግስቱ ወረቀቱን ገነጠልን። መካከል ላይ ሁለት ዱካ አኑረን አራታችንም በየተራ ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን። እማን ይዣት ገባሁ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሬ ጥቁሩን ሳነብ ዝም ብላ ትሰማለች፤ ብዙውን ከእኔ ይልቅ በቃሏ ታውቀዋለች። አንዱ ጨርቅ ላይ ስንደርስ ጣቷን ቀዩ ላይ አደረገች።

«ይሄ ቀዩ ያኔ ያላነበብሽልኝ ነው?»

«እንዴት አወቅሽ እማ?»

«ስትዘይ ድምፅሽ ይፈጥን ነበር» አለች። «በይ አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢው።»

አነበብኩት። ቀዩን ሁሉ አነበብኩት። ዕንባ ያወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን ለሃያ ዓመት ብቻሽን ያዝሽው?»

ማጠቃለያ

ከላይ ካየናቸው ምሳሌዎችና ከራሳችን ስህተት በመነሳት፣ ከጽሑፍ ኢንስታሌሽን ለመሥራት ለሚያስቡ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የሚከተሉትን እጠቁማለሁ።

1ኛ፤ ፊደል ከማስቀመጣችሁ በፊት ልኬቱ የማን ቁመት እንደሆነ ወስኑ። በዘፈቀደ ትልቅ ማድረግ ሰውን ወደ ውስጥ አያስገባም።

2ኛ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቢገባ ምን ያገኛል ብላችሁ ጠይቁ። ወሰኔ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ሹ ቢንግ እኩልነት ይሰጠዋል፤ ቦሾፍ ቦታ ያለዋውጣል። የኛ ቀይ ቀለም ሳናስበው ሠርቶልናል፤ እማ ማንበብ ባትችልም የጎደለው የት እንዳለ አይታበታለች።

3ኛ፤ በአገራችን ንባብ ለረጅም ጊዜ የድምፅ ሥራ መሆኑን አትርሱ። ዳዊት ይደገማል፣ ቁርዓን ይቀራል፣ ደብዳቤ ለቤተሰብ ይነበባል። የጋለሪ ጸጥታ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

4ኛ፤ የሰው ደብዳቤ ወይም ታሪክ ስትወስዱ ባለቤቱ የሚሰጣችሁን ቃል በሙሉ ጠብቁ። ግማሹን መጠበቅ አለመጠበቅ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ያልኩትን በይፋ እመልሳለሁ። ነገሩ በአንገታችንም፣ በአምዳችንም፣ በምድጃችን አጠገብም ነበር። የእኛ ሥራ እንደ አዲስ መፍጠር ሳይሆን፣ ያለውን አይቶ ለማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ጨርቆቹ በአሁኑ ሰዓት እማ ቤት ሣጥን ውስጥ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ አንዱን ታወጣና «ቀዩን አንብብልኝ» ትላለች። በፍጥነት ያነበበውን ሰው እንደገና ታስጀምረዋለች።